ክርክር፦ በኮሮና ጊዜ ፓርቲ ላይ የተገኙ ተማሪዎችን ማባረር ልክ ነበር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጉዳይ ቆየት ያለ ነው፤ ግን ዛሬም ያከራክራል። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ2020 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ቦስተን የሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ 11 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን አሰናበተ። ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ባደረገው ሆቴል አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ነው የተያዙት። ማስክ አላደረጉም፣ ርቀትም አልጠበቁም ተባለ። በ24 ሰዓት ውስጥ ልቀቁ ተባሉ። የከፈሉት 36,500 ዶላር የትምህርት ክፍያም አይመለስም ተባለ፤ በኋላ ላይ ነው ዩኒቨርሲቲው አብዛኛውን ለቀጣዩ ሴሚስተር አስብላችኋለሁ ያለው። በዚያው ሰሞን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ፐርዱ 36፣ ሲራክዩስ 23 ተማሪዎች አገዱ። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ገና ትምህርት ሳይጀመር ከ200 በላይ። ልክ ነበሩ ወይ?

ነርሷ፦ ልክ ነበሩ። ያኔ የኮቪድ ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። ክትባት አልነበረም። ወጣቶቹ ራሳቸው ብዙም አይታመሙም፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ደህና ነኝ ብሎ ይዞት ይዞራል። እኛ ጋ ኦክስጅን ላይ የሚተኛው ሌላ ሰው ነው። ዶርሙን የምታጸዳው፣ ካፌው ውስጥ ምግብ የምታወጣው፣ የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ። በየከተማው ከእኛ አገር ሰው ስንቱ በዚህ ሥራ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ታውቃላችሁ። የኖርዝኢስተርን ልጆች አልሰማንም ሊሉ አይችሉም። ክፍላቸው ውስጥ እንግዳ እንደማይገባ ተነግሯቸው አምነው ነው የገቡት።

አባት ከአትላንታ፦ እኔም እንደ ነርሷ ነኝ። 18 ዓመት ሞልቶታል። ጠጥቶ ቢነዳ ገና ልጅ ነው ብሎ የሚተወው ፖሊስ የለም።

የቦስተኑ፦ እህቴ፣ ያየሽውን አይተሻል፤ አልከራከርሽም። ግን በሩን ማን ከፈተ? የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ቻፕል ሂልን ተመልከቺ። የአካባቢው ጤና ቢሮ ኃላፊ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት በኦንላይን አስተምሩ ብለው በጽሑፍ መክረው ነበር። አልተሰሙም። ኦገስት 10 ትምህርት ተጀመረ። በአንድ ሳምንት 130 ተማሪዎች ቫይረሱ ተገኘባቸውና ኦገስት 17 ወደ ኦንላይን እንዞራለን ተባለ። ኒው ዮርክ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ ሱኒ ኦኒዮንታ ይባስ ብሎ ተማሪዎቹን ሲቀበል እንኳ አልመረመረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ተይዞ ግቢው ለሴሚስተሩ ተዘጋ። አምስት ተማሪዎች ታግደዋል። አምስት! ሳይመረምር በሺዎች የሚቆጠር ወጣት አንድ ላይ ያሰፈረው ውሳኔ የእነሱ ነበር?

ነርሷ፦ የኦኒዮንታ ፕሬዚዳንት እኮ በኦክቶበር ሥራቸውን ለቀቁ። ከላይም ከታችም ይጠየቅ ነው የምለው። የበላዩ ስላጠፋ የበታቹ ነፃ ይሁን የሚለው ነው የማይገባኝ።

የቦስተኑ፦ ከላይም ይጠየቅ ካልሽ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲን ላንሳ። በኦገስት ኢንፌክሽኑ ሲበዛ ዩኒቨርሲቲው ከግቢ ውጭ የተደረጉ ፓርቲዎችን ምክንያት አድርጎ ትምህርቱን ለሁለት ሳምንት ኦንላይን አደረገ። ሴፕቴምበር 26 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ አባ ጆን ጄንኪንስ ዋይት ሀውስ ግቢ ውስጥ፣ ዳኛ ኤሚ ኮኒ ባሬት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት በታጩበት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ያለ ማስክ ሲጨባበጡ ታዩ። ከቀናት በኋላ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ይቅርታ ጠየቁ፣ ሥራቸውም ላይ ቆዩ። ይቅርታ መጠየቃቸውን አከብራለሁ። ግን ያው ዕድል ሆቴል ክፍል ውስጥ ለተያዘ የ18 ዓመት ልጅ ለምን አይሰጥም?

አባት ከአትላንታ፦ ይህን አላውቅም ነበር። ከባድ ነው።

መምህር፦ ሁላችሁም "ፓርቲ" እያላችሁ የተለያየ ነገር እያወራችሁ ነው። ነገሩን ከፋፍለን ካላየነው አንግባባም። ሲራክዩስ ላይ የሆነው ተማሪዎች ማታ ግቢው መሐል ሜዳ ላይ መሰብሰባቸው ነው። ደጅ ነው፣ አየር አለ። ጥፋት ነው፣ ግን ከተዘጋ ክፍል ጋር አንድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኢሊኖይ ላይ የሆነውን ደግሞ እዩ። እነሱ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የተሻለ ከሚባሉት ዝግጅቶች አንዱ ነበራቸው። የራሳቸው ሳይንቲስቶች በሠሩት የምራቅ ምርመራ ሁሉም ሰው በሳምንት ሁለቴ ይመረመር ነበር። ስንት ሰው እንደሚያዝ አስቀድመው አስልተዋል። ስሌቱ ተማሪ ይጠጣል፣ ይደግሳል ብሎ ሁሉ ገምቷል። ያልገመተው አንድ ነገር ነበር። ቫይረሱ አለብህ ተብሎ የተነገረው ሰው ከለይቶ ማቆያ ወጥቶ ፓርቲ ይሄዳል ብሎ አላሰበም። ጥቂቶች ግን ያን አደረጉ። ሴፕቴምበር ላይ ቁጥሩ ያሻቀበው አንዱም በዚህ ነው።

እንግዲህ እያወቀ ሰው መሐል የገባውን ማገድ ተገቢ ነው፤ ለዚህ አልከራከርም። ፓርቲውን ያዘጋጀውም ይጠየቅ። ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠ የአንደኛ ዓመት ልጅ ግን ከተማውን አያውቅም፣ ሰው አያውቅም፣ ትምህርቱ ላፕቶፕ ላይ ነው። ብቻውን ይቀመጥ ማለት ለስንት ሳምንት ይሠራል? የሃርቫርዷ ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታ ስርጭት ተመራማሪ) ጁሊያ ማርከስ ገና ትምህርት ሳይጀመር ይህንኑ ስትናገር ነበር። ጨርሶ አትገናኙ ከማለት አደጋው አነስ ባለ መንገድ የሚገናኙበትን ቦታ አዘጋጁላቸው ነው የምትለው። ደጅ ድንኳን፣ ወንበር፣ መብራት። ይሄን ያህል ውድ ነገር አይደለም።

ያኔ ተማሪ የነበረ፦ እኔ በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ስለ ቅጣት ስታወሩ ይህንን እያሰባችሁ። በዚያው ዓመት ጁላይ 6 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነበት የውጭ ተማሪ ወይ ትምህርት ቤት ይቀይር ወይ ከአገር ይውጣ አለ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከሰሱና ጁላይ 14 ውሳኔው ተነሳ። እነዚያን ቀናት እንቅልፍ አልነበረንም። ከዚያ ትምህርት ሲከፈት የእገዳው ነገር መጣ። ለአሜሪካዊው ጓደኛዬ እገዳ ማለት እናቱ ቤት ገብቶ ቀጣዩን ሴሚስተር መጠበቅ ነው። እኔ ከታገድኩ ሙሉ ትምህርት ላይ አይደለሁም፤ ሙሉ ትምህርት ላይ ካልሆንኩ ሕጋዊ መቆያዬ ያበቃል። አዲስ አበባ ልመለስ ብል እዚያም ዩኒቨርሲቲዎቹ ከማርች ጀምሮ ተማሪ በትነዋል። ደንቡ ላይ ጥፋቱ አንድ ነው፣ ቅጣቱም አንድ ነው። የሚያመጣው ጉዳት ግን አንድ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ዶርም ውስጥ አንድ ልጅ ማሽተት አቃተው። ለማንም አልተናገረም። ቢመረመርና ቢገኝበት ከማን ጋር ነበርክ ብለው ይጠይቁታል። መልሱ ደግሞ ጓደኞቹን ማስቀጣት ነው። ዝም ብሎ ክፍል ሲገባ፣ ካፌ ሲወርድ ሰነበተ። ያቺ ነርሷ ያለቻት ምግብ የምታወጣው እናት ፊት ለፊት ቆሞ ሰሃኑን ይቀበላል።

ነርሷ፦ ይሄ ነው ያስጨነቀኝ። የንክኪ ልየታ የሚሠራው ሰው እውነቱን ሲናገር ብቻ ነው። አንድ ስም ከተደበቀ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ። እሺ፣ ስም የሚናገር ሰው በተናገረው አይቀጣ፤ ጤና ክፍሉ የሰበሰበው መረጃም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አይሰጥ። እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

የቦስተኑ፦ ገንዘቡስ? ከካምፓስ ማውጣት አንድ ነገር ነው። ከካምፓስ አውጥቶ ክፍያውን ማስቀረት ሌላ። ያንን ገንዘብ ተበድሮ የከፈለ ቤተሰብ አለ።

አባት ከአትላንታ፦ በገንዘቡስ ካንተ ጋር ነኝ። ትምህርቱን ኦንላይን መስጠት እየቻሉ ሙሉ ሴሚስተር መዝጋትም አይታየኝም። ከዶርም ያስወጡት፣ ትምህርቱን ከቤቱ ይጨርስ። የቪዛውን ነገር ግን ምን እንደሚደረግ እንጃ።

ያኔ ተማሪ የነበረ፦ የሚደረግማ አለ። ከዶርም ቢያስወጡትም ከምዝገባ ካልሰረዙት ቪዛው ሊተርፍ ይችላል። ጋሼ ያሉት ራሱ መፍትሔ ነው። ችግሩ እገዳው መጀመሪያ ይወርዳል፣ ጉዳዩ በኋላ ይሰማል። ቢያንስ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳይጠየቅ ምዝገባ አይሰረዝ።

መምህር፦ ይሄንን ብዙ አስተዳዳሪ አያስበውም። አስበውት ቢሆን ኖሮ በብዙ ቦታ የሚቀየር ይመስለኛል።

ነርሷ፦ ዶርሙንም፣ ገንዘቡንም፣ ቪዛውንም ተነጋገሩበት፤ ልለሳለስ እችላለሁ። ቫይረሱ እንዳለበት ተነግሮት ቤት ሙሉ ሰው የጠራውን ግን አልደራደርበትም። ለሱ ቪዛም ቢሆን፣ ገንዘብም ቢሆን።

ያኔ ተማሪ የነበረ፦ እሱ ላይ እኔም አልከራከርሽም።