ሩቢክስ ኪዩብ፦ ከ45 ሰከንድ በታች መውረድ አቃተኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ኪዩብ በፍጥነት የምትፈቱ እባካችሁ እርዱኝ። ከታች የነጩን መስቀል ሠርቼ፣ የታቹን ሁለት ረድፍ ማዕዘንና ጠርዝ እያጣመርኩ አስገባለሁ፤ የላይኛውን ረድፍ በ16 ቀመር (በቃል በተያዘ የማዞር ቅደም ተከተል) እጨርሳለሁ፣ 10ሩ የላዩን ገጽ ሙሉ ቢጫ ለማድረግ፣ 6ቱ ቁርጥራጮቹን ቦታ ለማስያዝ።

በስልክ ቀርጬ ስከፋፍለው መስቀሉ 6፣ ጥንዶቹ 24፣ የላይኛው 15 ሰከንድ ይወስዳሉ። ያሰረኝ ጥንዶቹ ላይ ነው። አራቱም 30 ገደማ እንቅስቃሴ ናቸው፤ በሰከንድ 2 ባዞር እንኳ በ15 ማለቅ ነበረባቸው። ቀሪው 9 ሰከንድ የሚያልቀው እጄ ቆሞ ዓይኔ ቀጣዩን ጥንድ ሲፈልግ ነው። በተለይ የማዕዘኑ ነጭ ወደ ላይ ዞሮ ጠርዙ አጠገቡ ከተለጠፈ፣ ላላቅቃቸው ስል ጠርዙ ወደ ኋላ ሄዶ ይጠፋብኛል። ያኔ ኪዩቡን በሙሉ አገላብጬ እፈልገዋለሁ።

እጄን ሆን ብዬ ላዘግየው? ከኋላ ያሉትን ክፍት ቦታዎች አስቀድሜ ልሙላ? ወይስ የመጨረሻውን፣ የቦታ ማስያዣውን ደረጃ 21 ቀመሮች ላሟላ? 6ቱን ስለማውቅ 15 ይቀሩኛል፤ ለእኔ ግን ዋናው በሽታ ማየቱ ይመስለኛል።

ሌላው፣ ኪዩቡ ጎኖቹን ስቦ የሚያገጥም ማግኔት የለውም፤ አንዱ ጎን በትክክል ሳይገጥም ሌላውን ሳዞር ይያዛል። የመሃል ክዳኖቹን አንስቼ ስድስቱንም ብሎን ግማሽ ዙር ሳላላ መያዙ ቀነሰ፣ አሁን ግን ጠርዝ እየተፈናጠረ ይወጣል። ሩብ ዙር መልሼ ላጥብቅ? የሲሊኮን ዘይት እዚህ አላገኘሁም፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ፕላስቲኩን ይጎዳዋል? ባሕር ዳር የሚሸጥበትን የምታውቁም ጠቁሙኝ።