የእህቴ መንታ እርግዝና፦ ወረቀቱ ላይ «ሞኖኮሪዮኒክ ዳይአምኒዮቲክ» ይላል፤ ምን ማለት ነው?

ታላቅ_እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ የ12 ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት፤ አልትራሳውንድ ስትነሳ መንታ ነው ተባለች። ወረቀቱ ላይ «ሞኖኮሪዮኒክ ዳይአምኒዮቲክ» ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሟ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ መታየት አለብሽ ብሏታል። መንታ ያረገዘች ሌላ የምናውቃት ሴት ግን የምትታየው በወር አንዴ ነው። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? መልካቸውስ አንድ ዓይነት ይሆናል ማለት ነው? በኛ ቤተሰብ መንታ የለም፤ በባሏ በኩል ስላለ ከሱ ነው የሚሉ አሉ። የምታውቁ አስረዱኝ።

አዋላጅ_ነርስ፦
እህቴ፣ እንዳትጥሉት፤ እርግዝናው የሚመራው በዚያ ወረቀት ነው። የተጻፈው የእንግዴ ልጁ አንድ ነው፣ የእንሽርት ውሃው ከረጢት ግን ለየራሳቸው ነው ማለት ነው። ለክትትሉ ዋናው ጥያቄ ይመሳሰላሉ ወይ የሚለው ሳይሆን የእንግዴ ልጁ ስንት ነው የሚለው ነው።

ነገሩ የሚወሰነው የዳበረው ዕንቁላል ለሁለት በተከፈለበት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከተከፈለ ሁለቱም የየራሳቸው የእንግዴ ልጅና ከረጢት ይኖራቸዋል። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ከሆነ እንደ እህትሽ ይሆናል፤ ከአንድ ዕንቁላል ከሚገኙ መንታዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ናቸው። ከዚያ ከዘገየ ከረጢቱም የጋራ ይሆንና እትብታቸው ሊጠላለፍ ይችላል። ከ13ኛው ቀን ካለፈ ክፍፍሉ ሳያልቅ ይቀርና ተጣብቀው ይወለዳሉ፤ ይህ በጣም ጥቂት ነው።

ስለ መልካቸው፦ አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንታዎች በጣም አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ ናቸው። «ሁለት የእንግዴ ልጅ ስላለ አይመሳሰሉም» የሚባለው ግን ስህተት ነው። ጾታቸው አንድ ከሆነና የእንግዴ ልጃቸው ሁለት ከሆነ ከተወለዱ በኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ካልሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

አሁን ወደ 2 ሳምንቱ። በጋራው የእንግዴ ልጅ ውስጥ የሁለቱ ደም ሥሮች ይገናኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ተመጣጥኖ ይመላለሳል፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ግን ወደ አንዱ ያደላል። ሰጪው ደም ስለሚያንሰው ሽንቱ ይቀንሳል፣ በዙሪያው ያለው ውሃም ይሟጠጣል። ተቀባዩ አብዝቶ ይሸናል፣ ውሃው ይሞላል፣ ልቡም ከአቅሙ በላይ ይሠራል። በአልትራሳውንዱ የሚለካው የውሃው ጥልቀት ነው፦ በአንዱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች፣ በሌላው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ችግሩ ጀምሯል (ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 10ን መስፈርት የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ)። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊባባስ ስለሚችል በወር አንዴ ማየት አይበቃም። በጊዜ ከተደረሰበት በቀጭን ካሜራ ወደ ማህፀን ተገብቶ የሚያገናኙት ደም ሥሮች በሌዘር ይዘጋሉ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚሠራ ነው። የምታውቋት ሴት የእንግዴ ልጁ ሁለት ከሆነላት ይህ ስጋት የለባትም፤ በየ4 ሳምንቱ መታየቷ ትክክል ነው።

ምርመራው በ12 ሳምንት መደረጉ ጥሩ ሆኗል። ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ያለው ግድግዳ የእንግዴ ልጁን የሚነካበት ቦታ ይታያል። እዚያ ላይ ወፍሮ ሦስት ማዕዘን ከሠራ የእንግዴ ልጁ ሁለት ነው፤ ስስ ሆኖ ቀጥ ብሎ ካረፈ አንድ ነው። ቆይቶ ምልክቱ ይጠፋል፤ ሁለት የእንግዴ ልጆችም ተጠጋግተው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ ቦታ ስትታይም ወረቀቱን ይዛ ትሂድ።

የባዮሎጂ_መምህር፦
የዘሩን ነገር እኔ ልመልስ። ባልየውን ተዉት፤ እሱ የለበትም። አንድ ዕንቁላል ለሁለት መከፈሉ በአጋጣሚ የሚሆን ነገር ነው፤ በየትም አገር ከ1,000 ወሊድ 4 ገደማ ነው፣ የእናቲቱ ዕድሜም አይለውጠውም።

በዘር የሚሄደው ሌላኛው ነው፤ በአንድ የወር አበባ ዑደት ሁለት ዕንቁላል መልቀቅ። ዕንቁላል የምትለቀው ሴቷ ስለሆነች የሚቆጠረው የእናት ወገን ነው። ወንዱ ዘሩን ከእናቱ ወርሶ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሚስቱ ላይ ግን ምንም አይጨምርም። «መንታ አንድ ትውልድ ይዘላል» የሚባለውም ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። በ2016 ከዚህ ጋር የተያያዙ ሁለት ዘረ መሎች ተለይተዋል፤ አንደኛው ዕንቁላል የሚያበስለውን ሆርሞን የሚመለከት ነው። ይኸው ሆርሞን ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ ሴቶች ሁለት ዕንቁላል የመልቀቅ ዕድላቸው ከፍ ይላል። የመካንነት ሕክምናም እንዲሁ ያደርጋል።

ለማወቅ ያህል፦ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎችም የጣት አሻራቸው ይለያያል፤ አሻራው ሲሠራ የእያንዳንዳቸው አቀማመጥና በዙሪያቸው ያለው ግፊት አንድ አይደለም። ከሁለት ዕንቁላል የተገኙት ደግሞ አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ እጅግ ብርቅ ቢሆንም ተረጋግጦ ያውቃል።

ታላቅ_እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ገባኝ። ስለ ምጡና ስለ አመጋገቧስ? እስክትወልድ ከአልጋ አትውረድ የሚሉም አሉ።

የማህፀን_ሐኪም፦
አልጋው ይቅር። ያለ ምክንያት መተኛት ያለ ጊዜው መውለድን አይከላከልም፤ ይልቁንም እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል። ከባድ ነገር አታንሣ፣ ሲደክማት ትረፍ፣ ከዚያ ውጪ ትንቀሳቀስ።

ለሁለት ሰው የሚሆን ምግብ አያስፈልጋትም፤ በቀን ከ600 ካሎሪ ያልበለጠ ጭማሪ ይበቃታል። ከእርግዝናው በፊት ክብደቷ መደበኛ ከነበረ እስከ ወሊድ ከ17 እስከ 25 ኪሎ ብትጨምር ጤናማ ነው። በመንታ ላይ ደም ማነስ በብዛት ስለሚታይ የደም መጠኗ በ20ዎቹ ሳምንታት መጀመሪያና በ28ኛው ሳምንት ይለካ። አይረን ስትውጥ ከሻይና ከቡና ጋር አይሁን፤ ሰውነቷ እንዳይመጠው ያደርጋሉ።

አሁኑኑ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት መንታ ላይ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል፤ አነስተኛ አስፕሪን (በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊ ግራም) ይቀንሰዋል። የሚጀመረው ከ12ኛው ሳምንት አንሥቶ ነው፤ ከ16ኛው በፊት ቢሆን ይመረጣል። በራሷ ግን አትጀምር፣ ሐኪሟ ይዘዝላት።

ወሊዱ፦ እንደ እሷ ያሉት ችግር ባይኖርም 36ኛው ሳምንት ላይ ወይም ጥቂት ቆይቶ እንዲወለዱ ይደረጋል፤ የየራሳቸው የእንግዴ ልጅ ያላቸው በ37ኛውና በ38ኛው። ከረጢቱም የጋራ ከሆነ ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ በኦፕሬሽን ነው። ለእህትሽ ግን ወሳኙ ወደ ማህፀን በር የቀረበው ልጅ አቀማመጥ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ በምጥ መውለድ ትችላለች፤ ወደ 2,800 እናቶችን ይዞ በ2013 የወጣ ጥናት እንዲህ ባለ ሁኔታ ኦፕሬሽን አስቀድሞ ማቀድ ለልጆቹ የተሻለ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። አደጋው ያለው ሁለተኛው ልጅ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ከወጣ በኋላ ቦታ ስለሚያገኝ ሊዞርና አግድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትወልድበት ቦታ የሁለቱን ልብ ለየብቻ የሚከታተል መሣሪያ፣ አልትራሳውንድ፣ ወዲያው የሚከፈት ኦፕሬሽን ክፍልና የተዘጋጀ ደም ይኑረው። ደሙ የሚያስፈልገው ከመጠን በላይ የተለጠጠ ማህፀን ከወሊድ በኋላ ቶሎ ስለማይኮማተር ነው።

ቀጠሮ ሳትጠብቅ የምትሄድባቸው ምልክቶች፦ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የሚፈስ ውሃ ወይም ደም፣ እየተመላለሰ የሚያጠነክር ሆድ፣ የልጆቹ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሆዷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ተነፍቶ ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ አዋላጅዋ የነገረችሽ የውሃ መብዛት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት አልትራሳውንድ ትነሳ።