የጋራዡ ሻተር ከጉልበት በላይ አልነሳ አለ፣ ባጃጆቹ ውስጥ ናቸው

የሳቢያን ባጃጅ (ጠዋት 12:05)
ያ ጀማዓ ድረሱልኝ። የጋራዡ ሻተር አልነሳ ብሎኛል። ጉልበቴ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ሁለት ባጃጆች ውስጥ ናቸው። 1:15 ላይ የተማሪ ኮንትራት አለብኝ፣ አምስት ልጆች ይጠብቁኛል። አቧራ የገባበት ይመስለኛል፣ የሰሞኑን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ምን ዘይት ላድርግበት? የተቃጠለ ዘይት አለኝ፣ እሱ ይሆናል? ቶሎ በሉ አቦ።

ከዚራ ጥላ ስር (12:09)
በሞተር ነው በእጅ? ስፋቱስ? ምንም ሳትነግረን ዘይት ትላለህ። ለማንኛውም ግራና ቀኝ በሩ የሚንሸራተትበትን ካናል በብሩሽ ጥረገውና ዘይት አድርግበት። የኔ ሱቅ እንዲህ ሆኖ በዘይት ነው የተለቀቀው።

እናት ከመጋላ (12:11)
ልጄ፣ መጀመሪያ ለወላጆቹ ደውልላቸው። ሌላ ባጃጅ ይፈልጉ። ልጆቹ መንገድ ላይ ቆመው እንዳይቀሩ። በሩ ይደርሳል።

የለገሃሬ በያጅ (12:14)
ዘይቱን ተወው ወንድሜ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ማታ ጩኸት ሰምታችኋል? እንደ ጎማ ፍንዳታ ያለ?

የሳቢያን ባጃጅ (12:16)
ወላሂ ሰምተናል! በዚህ ሙቀት ግቢ ውስጥ ነው የምንተኛው። ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ጧ! አለ። ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ባትሪ ይዤ ግቢውን ዞርኩ፣ ምንም የለም። ከበሩ ጋር ምን አገናኘው? በሩን እኮ ማንም አልነካውም። በእጅ ነው የሚነሳው፣ ስፋቱ 3 ሜትር ነው።

የለገሃሬ በያጅ (12:21)
ሞላው ነው የተሰበረው፣ የበሩን ክብደት የሚሸከመው ስፕሪንግ። ማንም ሳይነካው መሰበሩ አይግረምህ። ሻተሩ ሲዘጋ ነው ሞላው በጣም የሚወጠረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተወጥሮ ያድራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ሳለ ይበጠሳል። ሞላው ያለው ላሜራው የሚጠቀለልበት ከላይ ያለው ቱቦ ውስጥ ነው። ባንተ ስፋት ሁለት ወይም ሦስት ሞላ ይኖራል። አንዱ ሲሄድ የሱ ሸክም በክንድህ ላይ ይመጣል።

አሁን ይሄን እይልኝ። በሩን ስትገፋው ላሜራው ከላይ ቱቦው ላይ እየተጠቀለለ ነው ወይስ እየታጠፈ ይከማቻል? እየታጠፈ ከሆነ ቱቦው አይዞርም ማለት ነው። እንዳታስገድደው፣ ላሜራው ይጣመምብህና ሞላ ብቻ የነበረው ወጪ ሙሉ በር ይሆናል።

ከዚራ ጥላ ስር (12:23)
እኔ ግን አሁንም ዘይት ይሞከር ባይ ነኝ። ምንም አይጎዳም።

ሐረር ጌ (12:26)
ይጎዳል። የተቃጠለ ዘይትና የድሬ አሸዋ ተቀላቅለው ሊጥ ይሆናሉ፣ ካናሉ ውስጥ ይደርቃሉ። ካናል በደረቁ ነው የሚጠረገው። ዘይት የሚፈልገው ሞላውና ቱቦው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፣ እሱም ንጹህ ዘይት፣ በመጠኑ።

ደግሞ ክብደቱን አስበው። 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። 3 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ብትለው 60 ኪሎ ነው፣ የላሜራው እጥፋትና ከታች ጠርዙ ላይ ያለው ብረት፣ አንጎላሬው፣ ሳይቆጠር። ይሄን ሁሉ በአንድ እጅ ስታነሳ የኖርከው ሞላው ስለሚሸከምልህ ነው። አቧራ ጉልበት ድረስ አንስቶ አይጥልህም። አቧራ ቢሆን ሲወርድም ይይዝህ ነበር። ሲወርድ እንዴት ነው?

የሳቢያን ባጃጅ (12:29)
ሲወርድ ዱብ! ነው የሚለው። እግሬን ለጥቂት ሳተኝ።
ላሜራው እየተጠቀለለ ነው፣ ግን እንደ ድንጋይ ከብዷል። እውነት ለመናገር ሁለት ወር ይሆነዋል ከከበደ። እህቴ ብቻዋን መክፈት ካቆመች ቆይታለች። እኔም ትከሻዬን አስገብቼ ነበር የማነሳው። አቧራ ነው ብዬ እንጂ።

የታይዋን ጀበና (12:33)
የኔ ወንድም፣ በኔም የደረሰው ይሄው ነው። ስገዛው በሁለት ጣት ነበር የሚነሳው። ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በሁለት እጅ። ኋላ ላይ የጎረቤቱን ልጅ መጥራት ጀመርኩ። እኔም ደከመኝ ነው ያልኩት፣ ጾም ስለነበር። ድሮ ደረቴ ላይ ስተወው ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው በር እየተንሸራተተ መውረድ ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሁሉም ለበርጫ ሲገባ፣ እኔ ግማሽ ዘግቼ ስኒ አጥባለሁ። በሩ ሳይታሰብ ወረደ። ከስሩ የነበረችው የፕላስቲክ በርጩማ ሁለት ቦታ ተከፈለች። ከአፍታ በፊት የእህቴ ልጅ ተቀምጦባት ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። እባክህ ከስሩ ሰው እንዳይገባ።

ቀፊራ 24 (12:35)
ክሪክ አስገባበት በቃ። የመኪና ክሪክ። እሱ ምን ችግር አለው።

የለገሃሬ በያጅ (12:38)
ክሪክ አይሆንም። አንድ ቦታ ብቻ ስለሚገፋው አንጎላሬው ይጎብጣል፣ ላሜራው ከካናሉ ይወጣል። እንዲህ አድርግ። ላሜራው የሚጠቀለል ከሆነ የቀሩት ሞላዎች እየሠሩ ነው። አራት ጎረምሳ ጥራ። ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ፣ እኩል አንሱት፣ አንዱ ወገን እንዳይቀድም። እጃችሁ የታችኛው አንጎላሬ ላይ ይሁን፣ በላሜራው መጋጠሚያ መሃል ጣት አታስገቡ። አምስተኛው ሰው የባሕር ዛፍ ቋሚ ይዞ ይጠብቅ፣ ሁለት ቋሚ፣ በግራና በቀኝ ካናሉ አጠገብ ይትከል። ብሎኬት መደራረብ አይሆንም፣ ይናዳል። ቋሚው እስኪጸና ድረስ ማንም አይለቅም። ባጃጆቹን ሞተር ሳታስነሱ ከኋላ ገፍታችሁ አውጡ። ከዚያ አሁንም አራት ሆናችሁ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። እስኪጠገን ተዘግቶ ይዋል።

አንድ ነገር አደራ። ከላይ ቱቦው ጫፍ፣ ግድግዳው ላይ የታሰረ ብሎን አለ። ማንም ቁልፍ ይዞ መሰላል ላይ ወጥቶ እንዳይፈታው። የቀሩት ሞላዎች ተወጥረው ነው ያሉት። ብሎኑ ሲላላ ዘንጉ ባንዴ ይሽከረከራል፣ ቁልፉን ከነእጅህ ይወስደዋል። እኔ በዚህ ሥራ የተሰበረ የእጅ አንጓ አይቻለሁ።

የባቡር ሰፈር ልጅ (12:44)
አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው ያረጁት። እኛ ቤት የጋራዥ በር በየወሩ ይፈተን ነበር፣ አሁንም እኔ እፈትነዋለሁ። በሩን ወገብህ ድረስ አንሳና ቀስ ብለህ እጅህን ልቀቅ። ካለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ወደታች ከሸሸ ደክሟል። ራሱ ወደላይ ከሮጠ ደግሞ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ እሱም ልክ አይደለም። አንዱ ወገን ቀድሞ ከወረደም አንዱ ሞላ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሞላው ከውጭ የሚታይ ዓይነት በር ያላችሁ ደግሞ ቀና ብላችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ክፍተት ካለው ተበጥሷል። በሞተር የሚነሳ በር ያላችሁ ሞተሩን ከበሩ አላቅቃችሁ በእጅ ፈትኑት። ሞተሩ ድካሙን ይደብቅባችኋል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይቃጠላል።

ሐረር ጌ (12:49)
ጨምሬ ልናገር። በውጭ አገር የጋራዥ በር ላይ የሚገጠመው የተለመደው ጠምዛዛ ሞላ ወደ 10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ታስቦ ነው የሚሠራው። ሱቅ ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ማታ አካባቢ ደግሞ ይከፈታል። በቀን 2 ጊዜ ማለት ነው፣ ከ13 ዓመት በላይ ያደርሳል። ባጃጅ የሚወጣና የሚገባበት ጋራዥ ግን በቀን 8 ጊዜ ቢከፈት 1,250 ቀን ነው፣ ሦስት ዓመት ተኩልም አይሞላ።

ቀፊራ 24 (12:52)
የኔ አያት ሱቅ በር ሞላው ሳይቀየር ስንት ዘመኑ። ቁጥር አታስፈራሩን።

ሐረር ጌ (12:54)
የአያትህ ሱቅ በቀን ስንቴ ይከፈታል? እሱን ቁጠርና ንገረኝ። የኔ ቁጥር ለዚያኛው ዓይነት ሞላ ነው፣ የኛ ሻተር ጥቅልል ጠፍጣፋ ሞላ ነው ያለው። ግን ብረት ሲወጠርና ሲላላ መድከሙ ለሁለቱም አንድ ነው።

እናት ከመጋላ (12:55)
ልጄ፣ ደወልክላቸው ወይ?

የሳቢያን ባጃጅ (1:04)
ደውያለሁ እማማ፣ የአንዷ አባት ልጆቹን ይወስዳቸዋል። ሰዎች ተሰብስበዋል፣ ቋሚ ከጎረቤት አገኘን። አሁን ልናነሳ ነው።

የሳቢያን ባጃጅ (1:22)
ሁለቱም ወጡ! አልሐምዱሊላህ። ላብ በላብ ሆነናል። ስናነሳ ከላይ ከቱቦው ውስጥ የብረት ቁራጭ ሲንከባለል ይሰማል። በያጁ ያልከው ነው ማለት ነው። የተሰበረውን ብቻ ላስቀይር ወይስ ሁሉንም?

የለገሃሬ በያጅ (1:27)
ሁሉንም። ባንድ ቀን ነው የተገጠሙት፣ እኩል ነው የደከሙት። አዲስና አሮጌ ስትቀላቅል በሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ አሮጌውም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል። ቱቦው ለአንዱም ለሦስቱም ወርዶ ነው የሚከፈተው፣ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትክፈል። ሠራተኛው ሲመጣ የላሜራውን ስፋት፣ ቁመትና ውፍረት ለክቶ ሞላ ይምረጥ። ሳይለካ ከኪሱ አውጥቶ የሚገጥም ከሆነ መልሰው። ገጥሞ ሲጨርስ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ያን የወገብ ፈተና አድርግ።

ከዚራ ጥላ ስር (1:31)
እኔም አሁን የራሴን ሱቅ ልከፍት ስል ወገብ ላይ ለቀቅኩት። ወረደ። ቀስ ብሎ ነው ግን ወረደ። በያጁ፣ የት ነው የምትገኘው?

የለገሃሬ በያጅ (1:33)
በውስጥ ጻፍልኝ። እስከዚያው ግማሽ ላይ እንዳትተወው፣ ወይ ሙሉ ክፈተው ወይ ዝጋው። ሙሉ ስትከፍተውም መያዣ አድርግለት።

የታይዋን ጀበና (ማታ 2:10)
የሳቢያኑ፣ እንዴት ሆነ? ሠራተኛው መጣልህ? ሞላውን በስንት ገዛኸው? እዚህም የሚጠይቁ ሰዎች አሉ።

እናት ከመጋላ (ማታ 2:40)
ደክሞት ተኝቶ ይሆናል። ነገ ይነግረናል።