«ራሱን መከላከል የማይችል» በቆሎ

ጋሽ ሞላ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ ባለሙያ «በቆሎ ከተምች ራሱን መከላከል ስለማይችል የባክቴሪያ ጂን እንጨምርለታለን» ሲል ቡናው ትን አለኝ። ራሱን መከላከል የማይችል? ይህን ሁሉ ሺህ ዓመት ማን ጠበቀው ታዲያ?

ሰሊና፦ ሰው ነዋ ጋሼ። ሰው ፈልፍሎ ካልዘራው የት ይበቅላል?

ጋሽ ሞላ፦ ለጋው ቅጠል ውስጥ መራራ መርዝ አለ። ትል ሲግጠው ደግሞ ሽታ ይለቃል። ትንንሽ ተርቦች ሽታውን ተከትለው መጥተው ትሉ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። ጂን ይሄ አይደለም እንዴ? ማሽላማ ሳይናይድ ነው የሚያመርተው። ቡቃያውን የጋጠች ላም ስትወድቅ አይታችሁ አታውቁም?

የላብ ልጅ፦ ልክ ነዎት። ግን የአሜሪካ ተምች ያንን መራራ ነገር አንጀቱ ውስጥ ስኳር ለጥፎ ያመክነዋል። ከበቆሎ ጋር አብሮ የኖረ ትል ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ በቆሏችን በር ከፍቶ ነው የጠበቀው።

ጋሽ ሞላ፦ «በር ከፍቶ»! አሁን ደግሞ በቆሎው ከዳተኛ ሆነ።

ሰሊና፦ እኔ ያኔ እናቴ ማሳ ላይ ነበርኩ። ጣቴ አረንጓዴ እስኪሆን ትል ጨፍልቄያለሁ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) ያለበትን። ቅጠሉ የተጠቀለለበት መሃል ገብቶ፣ ኩሱ እንደ ሰጋቱራ ተከምሮ። ተርብዎ የት ሄዶ ነበር?

ኪሩ ዲሲ፦ በኬሚካል ጨርሳችሁት ነዋ።

ሰሊና፦ ይሄው፣ ኦርጋኒክ ቲማቲም ገዝቶ የሚበላ ሰው መጣ። እናቴ ለኬሚካል ብር የት አላት? አመድ ነው የበተንነው።

ኪሩ ዲሲ፦ አያቴም ገበሬ ነበሩ እሺ?

ሰሊና፦ አያትህ።

ጋሽ ሞላ፦ ወደ ነገራችን። ደቡብ አፍሪካ ይህን የባክቴሪያ ጂን ያለበትን በቆሎ በፈረንጆቹ 1998 መዝራት ጀመረች። 2007 ላይ የአገዳ ቆርቁሩ እንደተላመደው ተጻፈ። አስር ዓመት እንኳ አልሞላም! ያው ጂን ነው መልካሳ ምርምር ማዕከል በአጥር ውስጥ የተሞከረው። ያው ቆርቁር እኛም ጋ አለ።

የላብ ልጅ፦ እዚያ እኮ ብዙዎቹ ጥግ ላይ ተራ በቆሎ ዝሩ ሲባሉ እምቢ ብለው ነው። ያልተላመደው ትል እዚያ ካልተረፈ፣ የተላመደው እርስ በርሱ ይራባል።

ሰሊና፦ እዚህ ላይ እንኳ ከጋሼ ጋር ነኝ። ግማሽ ሄክታር ያላት እናቴ የቱን ጥግ ለትል ትተው?

ጋሽ ሞላ፦ ተባረኪ! ዘሩንስ በየዓመቱ ከማን ልትገዛ ነው?

ሰሊና፦ ኧረ ጋሼ፣ ቢኤች 660 የሚባለውን ድቅል በቆሎስ በየዓመቱ እየገዛን አይደል? ያን ጊዜ አልጮሁም።

ጋሽ ሞላ፦ እሱ የባኮ ምርምር ማዕከል ልጅ ነው።

የላብ ልጅ፦ ሃሃ፣ ትልን የሚገድለው ዘመድነት ከሆነ እንግዲህ...

ኪሩ ዲሲ፦ ያ የባክቴሪያ ጂን በቆሎው ውስጥ የሚያሠራው ፕሮቲን የትሉን አንጀት ከበሳ የኛንስ?

የላብ ልጅ፦ የሚጣበቅበት ቦታ የትሉ አንጀት ላይ ነው ያለው፣ ያንተ ላይ የለም። አንተ ትል ነህ?

ሰሊና፦ መልሱን እየጠበቅን ነው 😂

ጋሽ ሞላ፦ ቀልዱን ተዉትና «በር ከፍቶ» ያልከውን አንሳ።

የላብ ልጅ፦ አላነሳም ጋሼ። «በሩን ገርበብ አድርጎ» ልበል?