በመብራት መጥፋት የተበላሸ ኡቡንቱን ፓኬጆቹን መልሶ በመጫን ስለማዳን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ባለችው የጽሕፈት ሱቄ ውስጥ የምሠራበት ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና)፣ ፓኬጆች (የፕሮግራም ጥቅሎች) በማሻሻል ላይ ሳለ መብራት ስለጠፋ አልነሣም ብሏል። በፍላሽ አስነሥቼ ዲስኩን ስመለከት በርካታ የላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው) ፋይሎች ስማቸው እያለ መጠናቸው ዜሮ ባይት ሆኗል፤ የዲፒኬጂ (ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚመዘግበው ፕሮግራም) መዝገብ ግን፣ ተመስገን፣ ደኅና ነው። ሰነዶቼን ገልብጬ አውጥቻለሁ፤ ነገር ግን ለዓመታት ያስተካከልኋቸው የፕሪንተርና የግእዝ ኪቦርድ ቅንብሮች እንዳይጠፉብኝ ስለምሳሳ፣ እንደ አዲስ ከመጫን ይልቅ በመዝገቡ ያሉትን ፓኬጆች በሙሉ መልሼ መጫን እፈልጋለሁ። ችግሩ ሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት ዋናው ላይብረሪ) ራሱ ባዶ በመሆኑ በሲኤችሩት (ከፍላሹ ሆኖ ዲስኩ ላይ ወዳለው ሥርዓት በሚያስገባው ትእዛዝ) መግባት አለመቻሌ ነው። የሊብሲን ፓኬጅ ከፍላሹ ሆኜ በዲስኩ ላይ ብፈታው፣ «ሊብ» የተባለው ማውጫ «ዩኤስአር» ውስጥ ወዳለው «ሊብ» የሚያመለክት ሲምሊንክ (አቋራጭ ማያያዣ) ስለሆነ እንዳይሰበር እሰጋለሁ። ሌላ ማውጫ ውስጥ ፈትቶ ፋይሎቹን ብቻ መገልበጡ ይሻላልን? የሞከራችሁት ካላችሁ ቅደም ተከተሉን እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።