በሐረጎም በወንዙም ያው ሽፍታ፦ አጫዋች የተጫዋችን ምርጫ መሻር ይችላል?

የፒያሳው ተጫዋች፦
ሰላም ጀመዓው። ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጫወተው ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል። አገሩን፣ ሽፍታውን፣ ባለሱቁን ሁሉ የሚያናግረን እሱ ነው። ሌሎቻችን አንዳንድ ሰው ሆነን እንገባለን። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ፣ ማለትም በየገጹ ቁጥር ያለው ጠጠር፣ ይጣላል።

ደሴ ላይ የተጫወትነው ታሪክ የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ነው። አሞሌ የጫኑ በቅሎዎች ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ መውረድ ነበረብን። መንገዱ ሁለት ነው፦ በሐረጎ ቁልቁለት ወይም በቦርከና ወንዝ ዳር። ሐረጎ ላይ ሽፍታ አለ ተባልን። ብዙ ተከራክረን ወንዙን መረጥን። ገመድ ገዛን፣ መንገድ መሪ ቀጠርን፣ አንዲት በቅሎ ገደል ገባችብን። ሽፍታው ግን ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ ስድስት ሰው ያስከትላል።

በኋላ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ስናወራ ያው አጫዋች ያንኑ ታሪክ አጫውቷቸዋል። እነሱ በሐረጎ ወረዱ። ያው ጠባሳ፣ ያው ስድስት ሰው! እንዲህ ማድረግ ይፈቀዳል? እኔ አይፈቀድም ባይ ነኝ። ክርክራችንም በቅሎዋም ከንቱ ቀሩ ማለት ነው።

አጫዋቹ፦
እኔው ነኝ፣ ልመልስ። የማዘጋጀው ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ ነው። ለሁለት መንገድ ሁለት ታሪክ ብጽፍ ግማሹ ሳይታይ ይጣላል። ደግሞ ታሪኩ የሚያጠነጥንበትን የአንድ ባላባት ምስጢር የሚያውቀው ሽፍታው ብቻ ነው። እሱን ካላገኛችሁት ታሪኩ እዚያው ይሞታል። በሁለቱም ቦታ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ነው የተጫወተው። ከተደሰታችሁ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

የኮምቦልቻ ልጅ፦
አብሽር ወንድምዓለም፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። እኛ ጋ ጀማሪዎች ነበሩ። «የፈለጋችሁትን አድርጉ» ሲባሉ ደንግጠው ዝም አሉ። መያዣ ያጣ ሰው ምን ይመርጣል? ትንሽ መስመር ሲሰጣቸው ነው አፋቸው የተፈታው።

መምህርት፦
ልጆቼ፣ መስመር መስጠትና ምርጫ መሻር ይለያያሉ። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በፈረንጆቹ 1974 የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ፣ «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»ን፣ ሲያወጡ ከጦርነት ጨዋታ ነበር የመጡት። እዚያ ዳኛው ለማንም አያደላም። በእነሱም ጨዋታ ተጫዋቾቹ የሚገቡበት ዋሻ ካርታ በካሬ ወረቀት አስቀድሞ ይሣላል። ከበሩ ጀርባ ያለው ነገር በሩ ሳይከፈት በፊት እዚያው አለ። ግኝት የሚባለው ይህ ነው። የትም ብትሄድ ተከትሎህ የሚመጣ ነገር ምኑ ይገኛል?

ሌላም አለ። ሁለቱ መንገዶች ስለሚለዩበት ነገር ምንም ሳይነገርህ «ግራ ወይስ ቀኝ» ብትባል፣ ያ ሳንቲም መወርወር ነው። የፒያሳው ልጅ ግን መረጃ ነበረው። ሐረጎ ሽፍታ እንዳለበት ሰምቶ፣ ወጪውን ከፍሎ መረጠ። ያን ምርጫ ነው የነጠቅኸው።

አጫዋቹ፦
መምህርት፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። ግን ጊዜውን ከየት ላምጣው?

መምህርት፦
መንገዱን ትተህ ሽፍታውን ጻፈው። ምን ይፈልጋል? የት ያድራል? ገበያ ውስጥ ወሬ የሚያቀብለው ማነው? ይህ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ለወንዙ መንገድ ስድስት አጫጭር ነገሮች በቁጥር አስቀምጥ፦ ደራሽ ውኃ፣ የጠፋ ከብት የሚፈልግ እረኛ፣ አዲስ የእግር ዱካ፣ የመሳሰለውን። ዳይሱን ሁሉም እያየ ጣለው። የወጣው ይሁን።

ምስጢሩንም አንድ ሰው ላይ አታንጠልጥለው። ብዙ አጫዋቾች ለአንድ ምስጢር ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ያስቀምጣሉ። ሽፍታው አንዱን፣ መንገድ መሪው አንዱን፣ ሰኞ ገበያ ጨው የምትሸጠዋ ሴት አንዱን ይወቁ። ሁለቱን ቢስቱ ሦስተኛው አለ።

የፒያሳው ተጫዋች፦
ሽፍታውን ሾልከን ብናልፈው ኖሮ እኮ ያ ራሱ ድል ነበር! ከዚያ በሐረጎ የወረደ ሌላ ነጋዴ ይዘረፍ። በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ላይ አሞሌ ይወደድ። የኛ ምርጫ አገሩን እንደነካ እናየው ነበር። እኔ የምጫወተው ለዚህ ነው።

አጫዋቹ፦
እሺ፣ ይህን ግን መልሱልኝ። ሽፍታው ሰላይ ካለው፣ ወንዙን እንደመረጣችሁ ሰምቶ ቢመጣስ? ሰው እኮ ነው፣ እግር አለው። ሐረጎ ላይ ተተክሎ ይጠብቃችሁ?

የፒያሳው ተጫዋች፦
ይምጣ! ገበያ መሃል መንገድ መሪ ስንቀጥር አንድ ሰው ጆሮውን ጥሎ ነበር በለን። ጠይቀን ማምለጥ እንችል ነበር። ካልጠየቅን የራሳችን ጉዳይ ነው። ያኔ ወጥመዱን ራሳችን ገባንበት እንላለን እንጂ አንተን አንወቅስም።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ለጀማሪ ሦስት ግልጽ አማራጭ ይቅረብለት፤ አራተኛ ከራሱ ካመጣ ይፈቀድለት። ቀጣዩ ጨዋታ እኛ ጋ ነው፣ በዚህ ሞክረው።

አጫዋቹ፦
እሞክራለሁ። ዳይሱንም በግልጽ እጥላለሁ፣ ፍንጩንም ሦስት አደርጋለሁ። በአንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። ማታ ደክሞኝ ያዘጋጀሁትን ጥሩ ትዕይንት ተጫዋች ስላላየው ብቻ አልጥለውም፤ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሽፍታ አመጣዋለሁ።

መምህርት፦
እሱን አምጣው፣ የኔ ልጅ። ያን ሽፍታ ሸሽቶ የከፈለበት ሰው የለም።