ሜኑው እንዲተልቅ፣ ፎቶው ግን እንዳይደበዝዝ

ላፕቶፑ 15.6 ኢንች፣ ስክሪኑ 3840 በ2160 ፒክስል፣ ዊንዶውስ 10፣ ስኬሉ (ዊንዶውስ ጽሑፍና አይከን የሚያተልቅበት መጠን) 250 ፐርሰንት ነው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ቆየት ያለ ስለሆነ ለስኬሉ አይታዘዝም፤ አይከኖቹ የጤፍ ፍሬ አክለዋል።

በፕሮግራሙ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ የሃይ ዲፒአይ (ፒክስሎቹ ለተጠጋጉበት ስክሪን የሚሆን) ምርጫውን «ሲስተም» አደረግሁት። ሜኑው ተለቀ፤ ግን ዊንዶውስ መስኮቱን በሙሉ በትንሹ ስሎ ስለሚለጥጠው ፎቶውም አብሮ ደበዘዘ። በ100 ፐርሰንት ዙም ሻርፕነስ (የፎቶውን ጥርት ማለት) መመዘን ቀረ ማለት ነው። «ሲስተም ኤንሃንስድ» ጽሑፉን ብቻ አጠራ። ሪዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 ማውረድም ያው ነው፤ አንዱ የፎቶ ፒክስል አራት የስክሪን ፒክስል ይይዛል።

የፎቶው አንድ ፒክስል በስክሪኑ አንድ ፒክስል ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ሜኑና አይከኑን ብቻ ሁለት እጥፍ የማሳደጊያ መንገድ አለ?